ጭሱ ሲጠፋ አደጋው የት ይሄዳል?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ወሬው ሁሉ ስለ ዋጋና ስለ ቻርጅ ነው። ጤናችንስ? አማራጮቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ናፍጣ፦ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ደቃቁ ጥላሸት ሳንባ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ቀኑን ሙሉ የሚተነፍሱት ደግሞ መንገድ ዳር ቆሎ የምትሸጠዋ፣ ትራፊኩና የታክሲ ረዳቱ ናቸው።

ኢታኖል፦ እኛም ሞክረነዋል። ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የወጣ ኢታኖል መጀመሪያ 5፣ በኋላ 10 በመቶ ቤንዚን ውስጥ ይደባለቅ ነበር። ከሞላሰስ ስለሚሠራ ምግብ አይሻማም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድንም ይቀንሳል። ግን አሴታልዴሃይድ የሚባል ዓይንና ጉሮሮ የሚቆጠቁጥ ጋዝ ይጨምራል። የቀረው 90 በመቶም ያው ቤንዚን ነው።

የተፈጥሮ ጋዝ፦ ጥላሸቱ ከናፍጣ በጣም ያንሳል። ችግሩ ሳይቃጠል የሚሾልከው ሜቴን ነው፤ በ20 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል።

ኤሌክትሪክ፦ ጭስ ማውጫ የለውም። መብራታቸውን ከድንጋይ ከሰል በሚያመነጩ አገሮች ጭሱ ከመንገድ ወደ ማመንጫው ይዛወራል። የኛ መብራት ግን በአብዛኛው ከውሃ ነው። ስለዚህ ከአራቱ ለኛ የሚሻለው ይሄ ነው።

የሚሻል ማለት ግን አደጋ የለውም ማለት አይደለም። የሊቲየም ባትሪ ከተመታ ወይም ከተበሳ ሊቀጣጠል ይችላል፤ እሳቱ ቶሎ አይጠፋም፣ ጭሱም መርዝ ነው። ብዙዎቹ ኤሌክትሪክ መኪኖች ከትልቁ ባትሪ ሌላ ትንሽ የእርሳስ ባትሪም አላቸው። ይሄ ሰፈር ውስጥ ተሰብሮ ሲቀልጥ እርሳሱ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ዓለም እርሳስን ከመኪና ቤንዚን አውጥቶ የጨረሰው ገና እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ የመጨረሻዋ አልጄሪያ ነበረች። በቤንዚን የወጣው በባትሪ መመለስ የለበትም።

እንግዲህ ሁለት ነገር መጠየቅ አለብን። አንደኛ፣ ክልከላው አዲስ የሚገባውን እንጂ መንገድ ላይ ያለውን አይነካም። የዛሬው ጭስ የሚቀንሰው ለቦሎ የሚደረገው ምርመራ የምር ሲሆን ነው። ሁለተኛ፣ ያረጀውን ባትሪ ማን ይረከባል? አስመጪው ነው ወይስ የሰፈሩ ቆራሌው? መልሱ መኪኖቹ ሳያረጁ፣ አሁኑኑ ያስፈልጋል።

እናንተ ሰፈር ያረጀ ባትሪ የት ነው የሚሄደው? ኮመንት ላይ ጻፉልን።