«ስካኑ ነጻ ነው» ሲባል

የዛሬዋ ጠያቂያችን እንደ ብዙዎቹ በፍቅር ጉዳይ አልመጣችም። የ24 ዓመት ወጣት ነች። «አባዬ እግሩን እየጎተተ መራመድ ከጀመረ ዓመት አለፈው። ገንዘብ ቆጥሮ መስጠትም አቅቶታል። ሲቲ ስካን ተነሥቶ 'ነጻ ነው' ሲባል ወንድሞቼ 'ሆን ብሎ ነው' ማለት ጀመሩ። እኔም ልጠረጥረው ምንም አልቀረኝ» ትላለች።

እህቴ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ 12ኛ ክፍል ጨርሼ ብዕር የያዝኩ ሰው ነኝ። ግን ያ ፎቶ የማያየው ነገር አለ። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ሆኖ ሳለ ከኦክስጅናችን 20 በመቶ ገደማ ይወስዳል። ይህን የሚያድሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ስፋታቸው ከሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ ያንሳል። ቀይ የደም ሕዋሶች እንኳ እንደ ታክሲ ሰልፈኛ አንድ በአንድ ነው የሚያልፉባቸው! እነሱን በተለመደው ስካን ለይቶ ማየት ዘበት ነው።

ታዲያ ማን አያቸው? እ.ኤ.አ. በ2020 ክሪስቶፍ ኪርስት፣ የፓሪሱ ተመራማሪ ኒኮላ ሬኒየና ባልደረቦቻቸው የአይጦችን አንጎል በኬሚካል እንደ ብርጭቆ ብርሃን አስተላላፊ አደረጉት። የደም ሥሮቹን በሚያበራ ቀለም ለዩ፤ እንደ ወረቀት በሳሳ ብርሃን ድርብ በድርብ ፎቶ አነሡ። ኮምፒዩተር ያንን ደራርቦ ከየአቅጣጫው የሚታይ ካርታ ሠራ፤ ምን አለፋችሁ፣ ከ100 ሚሊዮን በላይ የደም ሥር ቅንጣቢዎች ያሉበት! (የአይጥ ጭንቅላት እኮ ነው....) ስትሮክ የመታቸው አይጦች የደም ሥሮች መልሰው እንዴት እንደተደራጁም በዚያው ታየ።

አባትሽን ለዚህ ውሰጃቸው አልልሽም፤ የሚሠራው ከሞተ እንስሳ በወጣ አንጎል ላይ ነው። ግን ለመሆኑ ግፊታቸው የተለካው መቼ ነው? ስኳራቸውስ? ከፍተኛ የደም ግፊት እነዚህን ጥቃቅን ሥሮች ቀስ በቀስ ይጎዳል፤ የአረማመድ መቀየርና የሐሳብ መዘግየት ከምልክቶቹ ይቆጠራሉ። የሥሮቹ ጉዳት የሚያስከትለው ጠባሳ ደግሞ በኤም አር አይ ሊታይ ይችላል። ሌላም ምክንያት ሊኖር ስለሚችል የነርቭ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። ስካኑን ብቻ አታሳዪ፤ ስለ እግራቸውና ስለ ገንዘብ ቆጠራው ለእኔ የጻፍሽውን ለሐኪሙም ንገሪው።

ከወንድሞችሽም አንዱን ይዘሽ ግቢ፤ በጆሮው ይስማ። ከዚያ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።