አፈሩ ሳይመረመር መድኃኒት አይባል

ቤንቶናይት የሚባለው የሸክላ ዱቄት ዛሬ ፊት ያጠራል፣ ሆድ ያጸዳል፣ መርዝ ከሰውነት ያወጣል እየተባለ በማኅበራዊ ሚዲያ ይሸጣል። ሻጮቹ «የተፈጥሮ ስለሆነ ጉዳት የለውም» ይላሉ። በሌላ በኩል አፈር መቅመስን ኋላ ቀርነት ብለው የሚያጣጥሉ አሉ። ሁለቱም ወገኖች ሸክላን አንድ ወጥ ነገር አድርገው ስለሚያዩት ይሳሳታሉ። ሸክላ ያድናል ወይስ አያድንም ብሎ መከራከር ፍሬ የለውም። መጠየቅ ያለበት የትኛው ሸክላ፣ ከየት የተቆፈረ፣ ለማን፣ በምን መጠን የሚለው ነው። ይህን መመለስ የማይችል ሻጭ የሚሸጠው አፈር እንጂ መድኃኒት አይደለም።

ሸክላ የሚሠራበት መንገድ ምስጢር አይደለም። ቅንጣቶቹ እጅግ ደቃቅና እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተነባበሩ በመሆናቸው ብዙ ነገር አጣብቀው መያዝ ይችላሉ። ፓራኳት የተባለውን ፀረ አረም ለጠጣ ሰው ሐኪሞች የተዘጋጀ ሸክላ ሲሰጡ የኖሩት መርዙን እንዲይዝለት ነው። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2013 በመኖ ውስጥ ያለውን አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ ለመቀነስ ቤንቶናይትን ፈቅዷል፤ ፈቃዱ ግን የጥራት መለኪያና የመጠን ገደብ አለው። ስሜክታይት ስለሚባለው ሸክላ ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚዎች መረብ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ግምገማ ደግሞ የሕፃናትን ተቅማጥ በአንድ ቀን ገደማ ሊያሳጥር እንደሚችል አመልክቶ፣ ማስረጃው ጠንካራ አለመሆኑን ገልጿል።

ችግሩ ይህ የመያዝ ኃይል ጠቃሚውን ከጎጂው አለመለየቱ ነው። ዶክተር አናንዳ ፕራሳድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1961 ስለ ኢራን ሺራዝ ታካሚዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ሸክላ የመብላት ልማድ የነበራቸው ወጣቶች ከባድ የደም ማነስ ነበረባቸው፣ ዕድገታቸውም ተገትቶ ነበር። የምግባቸውም ድርሻ ስለነበረበት ጥፋቱን ሁሉ በሸክላው ላይ መጫን አይቻልም፤ ይሁንና አንዳንድ ሸክላ አይረንና ዚንክ ወደ ደም እንዳይገቡ ሊያግድ ይችላል። በአገራችንም በእርግዝና ጊዜ አፈር የሚያምራቸው ሴቶች አሉ። አምሮቱ ብዙ ጊዜ ከአይረን እጥረት ጋር አብሮ ይታያል፤ አፈሩ ግን እጥረቱን ሊያባብሰው ይችላል። በዚህ ላይ ሸክላ የተቆፈረበትን ምድር ጠባይ ይዞ ይመጣል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ሊድ የተባለው መርዛማ ማዕድን በብዛት ስለተገኘባቸው ሁለት የቤንቶናይት ምርቶች ሕዝቡን አስጠንቅቋል። የፈረንሳይ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም እ.ኤ.አ. በ2019 በዚያው ማዕድን ስጋት ሸክላ ያለባቸው የተቅማጥ መድኃኒቶች ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጡ መክሯል። «የተፈጥሮ ነው» የሚለው ዋስትና ከንቱ መሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድም አያስፈልግም፤ በደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚያርሰውን ገበሬ እግሩን የሚያሳብጠው ዝሆኔ የሚመጣው ከዚያው የተፈጥሮ አፈር ነው።

አባቶቻችን ሲጠቀሙበት ኖረዋል የሚል መከራከሪያ ይነሣል። ጥንታዊው ልማድ ግን ያገኘውን አፈር ሁሉ አልዋጠም። በግሪክ የሌምኖስ ደሴት አፈር በታወቀ ቦታ ተቆፍሮ፣ ተዘጋጅቶ፣ ማኅተም ታትሞበት ይሸጥ ነበር፤ ሐኪሙ ጋሌን በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዘገጃጀቱን ለማየት እስከ ደሴቲቱ ተጉዟል። ምንጩ የማይታወቅ ዱቄት በባህል ስም ሲሸጥ፣ የሚጣሰው ይኸው ባህል ነው። ሌሎች ደግሞ ሸክላ ባክቴሪያ እንደሚገድል በላቦራቶሪ ተረጋግጧል ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ነገር ግን የአሪዞና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት፣ የማዕድን ይዘታቸው ከሚቀራረብ ሁለት የፈረንሳይ አረንጓዴ ሸክላዎች አንዱ ባክቴሪያዎችን ሲገድል ሌላው አላገዳቸውም። ስለዚህ የአንዱ ውጤት ለሌላው ምስክር አይሆንም። ያልተመረመረ አፈር ደግሞ የቴታነስ ተሕዋስ ሊኖርበት ስለሚችል በቁስል ላይ መደረግ የለበትም።

ጤና ጣቢያ ለራቀው ድሃ ከአፈር ሌላ ምን አለው የሚለው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። ተቅማጥ ሕፃንን የሚገድለው ግን በዋናነት ውኃና ጨው አሟጦ ነው፤ ሸክላ ይህን አይተካም። የሚተካው ኦ.አር.ኤስ. የተባለው በውኃ የሚበጠበጥ ንጥረ ነገር ርካሽ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍም እ.ኤ.አ. በ2004 ከዚንክ ጋር እንዲሰጥ መክረዋል። ለድሃው መቆርቆር ማለት ይህን ማቅረብ እንጂ ያልተመረመረ ዱቄት መሸጥ አይደለም። በጤነኛ ቆዳ ላይ ተቀብቶ የሚታጠብ ሸክላ ስጋቱ ያነሰ ነው፤ ለሚዋጠው ግን የተቆፈረበት ቦታ፣ የሊድና የአርሰኒክ ምርመራ ውጤት፣ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን የሚሆን ማስጠንቀቂያ በማሸጊያው ላይ መጻፍ አለበት። ነፍሰ ጡርን የሚከታተል ባለሙያም ሳያሳፍር «አፈር ያምርሻል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ፤ አዎ ካለችው ቀጣዩ እርምጃ የደም ምርመራ ነው።