ቡችላው፣ ችግኙና በርበሬው

በከሚሴም ሆነ በሌላው የጨፋ ሸለቆ ቀበሌ ለፍቶ የፓፓያ ችግኝ የተከለ ሰው፣ ቡችላ ቀንበጡን አኝኮ ሲጥልበት ቢናደድ አይፈረድበትም። ቁጣው ግን በርበሬ ወደ መነስነስ፣ ይባስ ብሎም መርዝ ወደ ማስቀመጥ ሊያደርሰው አይገባም እንላለን።

በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ካፕሳይሲን የተባለው ውሁድ ነው። ይህ ውሁድ የሚቀሰቅሰው፣ ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ ሙቀት የሚቀሰቅሰውን ያንኑ የነርቭ ተቀባይ ነው፤ ዴቪድ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት የተጋሩትም ይህን ተቀባይ በማግኘታቸው ነው። እንግዲህ በርበሬ የቀመሰው ቡችላ የሚሰማው የቃጠሎ ሕመም እንጂ ተግሣጽ አይደለም። ዝናብ ሲያጥበው ደግሞ ችግኙ ያለ ጠባቂ ይቀራል።

ቡችላ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜው የወተት ጥርሱን ሲቀይር ድዱን ስለሚያመው ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። ስለዚህ ለችግኙ የእንጨት ወይም የሽቦ አጥር እንሥራለት፤ ለቡችላውም የሚያኝከው ሌላ ነገር እንስጠው። ከሁሉ በፊት ግን የጉሎን ተክል ከግቢያችን እናርቅ፤ በፍሬው ውስጥ ያለው ራይሲን ውሻን ሊገድል ይችላል። ችግኙን ከቡችላው ስንጠብቅ፣ ቡችላውንም ከተክሉ መጠበቅ ይገባናል።