መጽሐፍና አንባቢ፦ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»

ይህ መጽሐፍ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲታተም ደራሲው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ካረፉ 5 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ነጋድራስ በድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ስለ ነበሩ የንግድን ነገር በሥራ ያወቁት ናቸው። አሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፤ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ብዙ ደክሞ ያገኘውን ጥሬ ዕቃ፣ ዐዋቂው ሕዝብ በመኪና ጥቂት ደክሞ ከሠራው ዕቃ ጋራ ይለውጣል፤ በዚህም ነጻነቱ ሳይታወቀው ይላላል።

ተማሪዎችና ጸሐፊዎች ሆይ፣ በአምቦ፣ በጉደር ወይም በጌዶ ገበያ ስትውሉ ይህን ፍርድ መርምሩ። እህልና ቆዳ የሸጠው ገበሬ ምን ገዝቶ ይመለሳል? በ1939 ዓ.ም. የተመሠረተው የአምቦ እርሻ ትምህርት ቤት ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። እንግዲህ የሚጠየቀው፣ ትምህርቱ ከማሳው ደርሷልን? የሚለው ነው። መጽሐፉን አንብባችሁ መልሱ።