«ክፍል 38 መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም



ውድ እህትና ወንድሞች፣ በቴሌግራም ክፍል በክፍል የሚለቀቁትን ልብ ወለዶች የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። ርዕሱ ብዙውን ጊዜ የሴት ስም ነው። ልጅቷ ሒጃብ ትለብሳለች፣ ልጁ ወይ የደርስ ተማሪ ነው ወይ ከጥፋት የተመለሰ ሀብታም፣ መሀል ላይ አንዲት ተንኮለኛ አክስት አትጠፋም። ኒካሑ ሊታሰር ሲል ስልክ ይጮኻል፤ ልጅቷ ስልኩን አንስታ ፊቷ ሲለዋወጥ «ይቀጥላል…» ይላል። ከዚያ ክፍል 38 እስኪለቀቅ ሁለት ቀን መጠበቅ ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ብዙዎቻችን እንጠብቃለን። ግን አንድ ሰው ድንገት መጥቶ «ምን እያነበብሽ ነው?» ካለ ስልኩ ይገለበጣል። «ምንም፣ ዝም ብዬ ነው።»

ዛሬ እንድንጽፍ ያደረገችን ይህቺ «ምንም» ናት።

በወረቀት መጽሐፍም ያው ነን። ብሔራዊ ትያትር አካባቢ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች የገዛነውን የስኬትና የቢዝነስ መጽሐፍ ሽፋኑ እንዲታይ አድርገን እንይዘዋለን፤ የአጋታ ክሪስቲን ወይም የሲድኒ ሼልደንን ትርጉም ግን ቦርሳ ውስጥ እንከታለን። ሀቂቃ፣ ከሁለቱ ተነቦ የሚያልቀው የቱ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የስኬቱ መጽሐፍ ገጽ 23 ላይ የአውቶቡስ ትኬት ተሰክቶበት ስድስት ወር ይተኛል።

«ሐያእ ነው» የሚሉን አሉ። ሐያእማ የኢማን ቅርንጫፍ እንደሆነ ሁላችንም ተምረናል። ግን ሐያእ ሰውን ከጥፋት የሚገታ ነገር ነው። እኛ የምናወራው ስለ ሌላ ነው፤ ጥፋት የሌለበትን ነገር «ቀላል ሰው ናት» እንዳንባል ብለን ስለመደበቅ። እዚህ ውስጥ ከአላህ ማፈር የለም፤ ከሰው ግምት መሸሽ ብቻ ነው ያለው። እንዲያውም ያላነበብነውን ከባድ መጽሐፍ ለሰው ዓይን ይዞ መዞር ወደ ሪያእ ይበልጥ የሚጠጋ ይመስለናል፤ አላህ ይጠብቀን።

ደግሞ ይህ ሀፍረት እኩል አልተከፋፈለም። ወንድሞቻችን ቅዳሜ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ገብተው ለእንግሊዝ ቡድን ሁለት ሰዓት ሙሉ ይጮኻሉ፤ በማግስቱም ስለ ዳኛው ያለ ምንም እፍረት ይከራከራሉ። ማንም «ምን ይጠቅምሃል?» አይላቸውም። እህት ግን ሁለት ሰዓት የፍቅር ታሪክ ካነበበች «ቂላቂል ነገር» ትባላለች። ኳሱን ልንቃወም አይደለም፤ እኛም እናያለን። ሚዛኑ ግን አንድ ይሁን።

ከመሀላችን አንዷ 10ኛ ክፍል እያለች ተከራይታ ያመጣችውን የፍቅር ልብ ወለድ ታላቅ ወንድሟ አግኝቶ ቀደደባት። መጽሐፉ የሰው ስለነበር ገንዘቡን ከኪሷ ከፈለች። ወንድሟ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዲኗን የጠበቀላት መስሎት ነው። እሷ ግን ከዚያ በኋላ ወደ ኪታብ አልሄደችም፤ ወደ ቁም ነገር መጽሐፍም አልሄደች። ማንበብ ተወች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ 40 ገጽ ያለው ሞጁል ሲሰጣት ዓይኗ መስመሩ ላይ አልቆም እያለ ያስቸግራት ነበር። አንድ ታሪክ እስከ መጨረሻው ተከትሎ 300 ገጽ የሚሄድ ልጅ ዓይኑ ይሠለጥናል፣ አማርኛው ይሰፋል፣ ቁጭ ብሎ መቆየት ይለምዳል። ከባዱን መጽሐፍ ኋላ የሚደፍረውም ብዙ ጊዜ ይኸው ልጅ ነው።

አሁን ወደ ቀደምቶቻችን እንሂድ፤ ምክንያቱም «ሰለፎች ለእንዲህ ያለ ነገር ጊዜ አልነበራቸውም» ሲባል እንሰማለን።

ኢብኑል ጀውዚን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ597 ሒጅራ (1201) ባግዳድ ውስጥ የሞተ የሐንበሊ ዓሊም ነው። ወዕዙን ለመስማት እጅግ ብዙ ሰው ይሰበሰብ ነበር፣ ሰው ያለቅስ ነበር። «ተልቢሱ ኢብሊስ» በሚለው ኪታቡ ማንንም ሳይምር ገሥጿል። ይኸው ሰው «አኽባሩል ሐምቃ ወልሙገፈሊን» የሚል ኪታብ ጻፈ፤ ስለ ቂሎችና ስለ ዝንጉዎች የተሰበሰበ የሳቅ ታሪክ ነው። ለምን እንደጻፈው ሲያስረዳ ምክንያቶቹን ይደረድራል፤ አእምሮ የተሰጠው ሰው ጸጋውን እንዲያውቅ፣ ከቂልነት መንገድ እንዲጠነቀቅ፣ ሦስተኛው ደግሞ ልብ እንዲያርፍ። ነፍስ ቁም ነገር ብቻ ሲጫንባት ትደክማለች ብሎ የሚያምነው ያ ሕዝብ የሚያስለቅሰው ሰውዬ ነው።

ኸጢብ አልባግዳዲም አለ። በ463 ሒጅራ (1071) የሞተ፣ «ታሪኹ ባግዳድ»ን የጻፈ፣ በሐዲስ ዕውቀት ስሙ የገነነ ዓሊም። እሱ ደግሞ «አት-ተጥፊል» የሚል ኪታብ አለው፤ ሳይጠሩ ድግስ ስለሚገቡ ሰዎች! እንዴት በር እንደሚያልፉ፣ ምን እንደሚሉ፣ ሲያዙ እንዴት እንደሚያመልጡ። (ዘመዶቻቸው በእኛም ሰርግ ላይ ሞልተዋል፤ «ጥሪ አክባሪ ነኝ» እያሉ መጀመሪያ የሚቀመጡት እነሱ ናቸው።) ስለ ስስታሞችም ሌላ ኪታብ ጽፏል። የሐዲስ ዘጋቢዎችን ሲመዝን የኖረ ሰው ጊዜ አጥቶ አልነበረም።

በአንጻሩ መናቁም አዲስ ነገር አይደለም። ኢብኑ ነዲም የሚባል የባግዳድ መጽሐፍ ነጋዴ በ377 ሒጅራ ገደማ «አል-ፊህሪስት» የተባለውን ትልቅ የመጻሕፍት ዝርዝር ሲያዘጋጅ፣ ዛሬ «አንድ ሺህ አንድ ሌሊት» የምንለውን ታሪክ ጥንታዊ ምንጭ አይቶ ደረቅና ደካማ መጽሐፍ ነው ብሎ አጣጥሎታል። ሺህ ዓመት አለፈ፤ ተረቱ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል።

ከሁሉ በላይ የሆነው ደግሞ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ነው። የኡሙ ዘርዕ ሐዲስ በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አሥራ አንድ ሴቶች ተቀምጠው ስለ ባሎቻቸው ምንም ላይደባበቁ ተስማምተው ያወሩትን ረጅም ታሪክ ትተርክላቸዋለች። አንዷ ታማርራለች፣ አንዷ ታሞግሳለች፣ አንዷ ብናገር ማለቂያ የለውም ብላ ትፈራለች። በዛሬ ቋንቋ ባለ አሥራ አንድ ክፍል ነው። የዚያ ሁሉ ሕዝብ ጉዳይ ትከሻቸው ላይ ያለ ነቢይ እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ ሲያልቅ ራሳቸውን በታሪኩ ውስጥ ካለው ጥሩ ባል ጋር አመሳስለው ለሚስታቸው መለሱላት። «ለዚህ ጊዜ የለኝም» አላሏትም።

ሐበሾቹ በዒድ ቀን መስጂድ ውስጥ በጦር ሲጫወቱ ዓኢሻን ከልለው ያሳዩዋት እሳቸው ናቸው፤ እሷ ራሷ እስክትጠግብ ድረስ ቆሙላት። ኋላ እሷ ይህን ስታወራ፣ ጨዋታ የምትወድ ለጋ ልጅ ምን ያህል እንደምትጓጓ አስቡላት የሚል መልእክት ነበራት። ይህቺን ነጥብ አባቶችና ታላቅ ወንድሞች ቢይዙልን ደስ ይለናል።

እዚህ ላይ «ሱረቱ ሉቅማን 6ኛው አንቀጽስ?» የሚል ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። አንቀጹ «ለህወል ሐዲስ»ን ስለሚገዛ ሰው ይናገራል። ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ዘፈን ነው ብለው ተረድተውታል። በተፍሲር ኪታቦች ደግሞ የነድር ኢብኑል ሓሪስ ነገር ይነሳል፤ የፋርስ ነገሥታትን ታሪክ እያወራ ሰዎችን ከቁርኣን ለመሳብ የሚሞክር የመካ ሰው ነበር። ልብ በሉ፣ አንቀጹ ራሱ ዓላማውን ጠቅሶታል፤ ከአላህ መንገድ ለማሳት። ስለዚህ ታሪኩ ከቁርኣን የሚነጥቀን ከሆነ፣ ዐስርን መግሪብ በር ላይ የምንሰግደው ክፍል 12ን ለመጨረስ ስንል ከሆነ፣ ያኔ አንቀጹ እኛንም ይመለከተናል። መኝታ ቤት ገብቶ ዝርዝር የሚያወራ ጽሑፍም፣ በዲን የሚያላግጥ ጽሑፍም «ዘና ለማለት ነው» በሚል አይታለፍም። ልብ ወለድ ራሱ ስለሚፈቀድበት ሁኔታ ዑለማዎች የተለያየ ነገር ብለዋል፤ እኛ ፈትዋ ሰጪዎች ስላልሆንን ዝርዝሩን ለምታምኑት ኡስታዝ አቅርቡ።

ግን መጠየቅ የሚቻለው መጀመሪያ ማንበባችንን ስንናገር ነው። የሀፍረቱ ትልቁ ጉዳት እዚህ ላይ ይመስለናል። ተደብቆ የሚነበብ ነገር አይመከርበትም፣ አይተችም፣ ጥሩው ከመጥፎው አይለይም።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። በነዚህ ተከታታይ ታሪኮች ውስጥ ተደጋግሞ የሚመጣ ነገር አለ፤ ልጅቷ ያለ ፈቃዷ ለሀብታሙ ትዳራለች፣ እሱ ይጮኽባታል፣ ስልኳን ይነጥቃታል፣ በር ይቆልፍባታል፣ ክፍል 20 ላይ «ቀናተኛ ስለሆነ ነው» ይባላል፣ ክፍል 30 ላይ ትወደዋለች። ሒጃብ ስላለች፣ መሀል ላይ «ማሻአላህ» ስለተጻፈ «ኢስላማዊ» የሚል ስም ይለጠፍበታል። በእኛ ዕይታ ይህ ከብዙው የፖሊስና የሌባ ታሪክ ይብሳል። ኸንሳእ ቢንት ኺዛም (ረ.ዐ) አባቷ ሳትፈልግ ሲድራት ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጣች፣ እሳቸውም ኒካሑን አፈረሱት፤ በቡኻሪ ያለ ነው። ዲኑ ያፈረሰውን ነገር ታሪኩ እያጣፈጠ ያቀርብልናል፤ የ15 ዓመት ልጅ ደግሞ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና ብቻዋን ታነበዋለች። ከእናቷ ወይም ከእህቷ ጋር በግልጽ የምታወራ ቢሆን ኖሮ «ቆይ፣ ይሄ ልጅ እኮ እየበደላት ነው» የሚላት ሰው ታገኝ ነበር። «ምንም» ባለችበት ቤት ማን ይነግራታል?

ስለዚህ እህቶች፣ አብራችሁ አንብቡ። ቡና ላይ «ያቺ አክስት መቼ ነው የምትጋለጠው?» ብላችሁ ተከራከሩ። ወንድሞችም የምትደብቁትን የስለላ ልብ ወለድ አውጡት፤ ማሞ ውድነህ ስንት የስለላ መጽሐፍ ወደ አማርኛ የመለሱት ተደብቆ እንዲነበብ አልነበረም።

«ቀላል» የምንለው ነገር ክብደቱ የሚታወቀው ከባድ ቀን ሲመጣ ነው። ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ እስር ላይ ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን ልብ ወለድ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ሲተረጉም የጻፈው በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ነበር። መጽሐፉ የፍቅርና የጦርነት ታሪክ ነው፤ ስለ ባርነት ያለው አመለካከት ደግሞ በጣም የሚያስነቅፍ ነው፣ ይህንንም መናገር ያስፈልጋል። ነገር ግን ነገ ምን እንደሚመጣበት የማያውቅ እስረኛ የአንዲት አስቸጋሪ ሴት የፍቅር ጣጣ በራሱ ቋንቋ እንዲነበብ ብሎ ያን ያህል ደክሟል። ለዚያ ሰው «ጠቃሚ መጽሐፍ አታነብም ወይ?» ማለት እንዴት ይከብድ ነበር! በእኛም ቤት የታመመ የሚያስታምም፣ ሥራ አጥቶ የተቀመጠ፣ ዐረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ውላ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ስልኳን የምትከፍት እህት አለች። ዊርዷን ካለች፣ ዒሻዋን ከሰገደች በኋላ ግማሽ ሰዓት በተንኮለኛዋ አክስት ብትናደድ ምን አለበት? የዚያ ቀን ንዴቷ ቢያንስ በማዳሟ ላይ አይሆንም።

አንድ ነገር ቀረን፤ ስለሚጽፉት ልጆች። አብዛኞቹ የእኛው እኩዮች ናቸው፣ በስልክ ነው የሚጽፉት፣ የሚከፈላቸው ነገር የለም። ጽሑፋቸውን ስማቸውን ቆርጦ በሌላ ቻናል መለጠፍ የሰው ሐቅ መንካት ነው፤ በዚህ ላይ ልናፍር ይገባን ነበር፣ ግን ማንም ሲያፍር አላየንም። ስታጋሩ ከነስማቸው አጋሩ። ስታነቡም «ደስ ብሎኛል» በሏት፣ ያልተስማማችሁበት ቦታ ካለም በአደብ ንገሯት፤ ልጁ በር ሲቆልፍባት ዝም አትበሉ። እና ጸሐፊዋ ክፍል 37 ላይ ለሁለት ሳምንት ከጠፋች አትሳደቡ፤ ምናልባት ፈተና ላይ ናት።