የቆላ ጉዞ ይቅርን?

ባለፈው ክረምት አራት ጓደኛሞች ስንቃችንን ተሸክመን ከጭሮ ወደ ሚኤሶ ቆላ፥ በሸለቆው ውስጥ ሦስት ቀን በእግር ተጓዝን። በሁለተኛው ምሽት በደረቀ ወንዝ አሸዋ ላይ ልንተኛ ስንል፥ አንድ ግመል ጠባቂ ሽማግሌ «ልጆቼ፥ ከዚህ ተነሡ» አሉን። ሰማዩ ጥርት ያለ ስለ ነበረ በልባችን ሳቅን፤ ዳሩ ግን ሽበታቸውን አክብረን ወደ ዳገቱ ወጣን። እኩለ ሌሊት ሲሆን ጎርፉ ግንድ እየጎተተ በዚያው አሸዋ ላይ አለፈ።

ጭሮ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ስትሆን፥ ሚኤሶ ወደ 1,300 ዝቅ ትላለች። በጨርጨር ደጋ የዘነበው ዝናብ ቆላው ደመና ሳያይ ይወርድበታል። ይህንን በጂኦግራፊ ተምረነው ነበር፤ አሸዋው ላይ ስንጋደም ግን አላስታወስነውም።

አንዳንድ ወላጆች እንዲህ ያለው ጉዞ ይቅር ይላሉ። እኔ ግን ያለ መሪ መሄድ ይቅር እላለሁ። ስመ ጥሩው ተጓዥ ዊልፍረድ ቴሲጀር እንኳ በ1926 ዓ.ም. አዋሽን ተከትሎ አቤ ሐይቅ ለመድረስ የአውሳውን ሱልጣን ፈቃድ መለመን ነበረበት። ተማሪስ አገሬውን ቢጠይቅ ምን ነውር አለው?

እኛ አራታችን ዛሬ በክፍል የተገኘነው ስለ ጠየቅን አይደለም፤ ሽማግሌው ሳንጠይቃቸው ስለ ነገሩን ነው።