ዳውላውን መደብደብ ዋጋ አያወርድም

ገበያ በናረ ቁጥር ከባለሥልጣኖቻችን የምንሰማው ዘፈን አንድ ነው። «ስግብግብ ነጋዴዎች!» ይባላል። ጥቂት ሱቆች ይታሸጋሉ፣ ጥቂት ሰዎች በቴሌቪዥን ይታያሉ፣ በማግስቱ ዘይቱ ከመደርደሪያ ይጠፋል። ከሳምንት በኋላ ዘይቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ዋጋው ግን ጨምሮ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት እንግዲህ ይኸው ነው።

ለመሆኑ መንግሥት ዋጋ ተቆጣጥሮ ያውቃል ወይ? አዎን፣ ያውቃል። እንግሊዝና አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተቆጣጥረዋል። ምን እንደሠራና ምን እንዳልሠራም ምሁራኖቻቸው መርምረው ጽፈውታል። አንባቢያችን ልብ ይበሉ፣ እዚህ የምንጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን መጀመሪያ ፍርጥ አድርጎ ያስቀመጠው ጆን ሜይናርድ ኬይንስ ነው። በ1940 «ለጦርነቱ እንዴት እንክፈል» የሚል ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ሐሳቡ ለማንም ይገባል። ፋብሪካው ታንክ ይሠራል፤ ሠራተኛው ደመወዙን ይቀበላል። ግን ታንክ አይበላም፣ አይለበስም። ደመወዝ በዛ፣ ዕቃ አነሰ። ያ የተረፈ ገንዘብ ወይ በግብር መሰብሰብ አለበት፣ ወይ መቆጠብ አለበት። አለዚያ ገበያውን ያንረዋል። የገበያ ንረት ደግሞ ማንም ያላወጀው ግብር ነው፤ ሰብሳቢው አይታይም፣ የሚከፍለው ግን ድሃው ነው።

ስለዚህ ኬይንስ ያቀረበው መፍትሔ «ነጋዴውን እሰሩልኝ» አልነበረም። ከደመወዝ ላይ የተወሰነው ይቀመጥና ከጦርነቱ በኋላ ለባለቤቱ ይመለስ፣ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ይማር፣ ልጆች ላሉት ቤተሰብ አበል ይሰጥ፣ ዋና ዋናው ምግብ በራሽንና በርካሽ ይቅረብ አለ። የእንግሊዝ መንግሥት በ1941 በጀቱ ከሐሳቡ ጥቂቱን ወሰደ። መደበኛውን የገቢ ግብር ከአንድ ፓውንድ 10 ሽልንግ፣ ማለትም ግማሹን አደረገው። ከጨመረው ግብር ከፊሉን ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ እመልሳለሁ ብሎ በስማቸው መዘገበላቸው።

አሜሪካኖቹም በዚያው ሰሞን የዋጋ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። አለቃው ሊዮን ሄንደርሰን ነበር፤ የዋጋውን ሥራ የሚመራው ደግሞ ወጣቱ ምሁር ጆን ኬኔት ጋልብሬዝ። ሚያዝያ 1942 ላይ አጠቃላይ ተመን ወጣ። በመጋቢት ወር ከተሸጠበት ከፍተኛ ዋጋ በላይ መሸጥ ክልክል ሆነ። አልበቃም። ሚያዝያ 1943 ላይ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዋጋንም ደመወዝንም አንድ ላይ የሚይዝ ትእዛዝ አወጡ። ከዚያ እስከ ጦርነቱ ማብቂያ የሸማቹ ዋጋ በጠቅላላው የጨመረው ወደ 4 በመቶ ገደማ ነው።

እንዴት ሆነላቸው? አንደኛ፣ ተመኑ ከራሽን ጋር ነበር። ስኳሩ፣ ቡናው፣ ሥጋው በኩፖን ተከፋፍሏል፤ በየአካባቢው ከ5 ሺህ በላይ ቦርዶች ይህንን ይሠሩ ነበር። ሁለተኛ፣ ትርፍ ገንዘቡ በግብርና በቁጠባ ተይዟል። በ1943 እና በ1944 አሜሪካዊው ከግብር በኋላ ከሚተርፈው ገቢ ሩብ ያህሉን ይቆጥብ ነበር። ሦስተኛ፣ ሕዝቡ ጦርነቱን የራሴ ነው ብሎ ተቀብሎታል። አራተኛ፣ ነገሩ የጊዜ ጉዳይ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

ይህም ሆኖ ጥቁር ገበያ አልቀረም። ጋልብሬዝ በ1952 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ብረትና መኪና የሚሸጡት ጥቂት ትልልቅ ኩባንያዎች ስለሆኑ ዋጋቸውን መያዝ ይቻላል፤ ሥጋና ልብስ ግን ሻጩ እልፍ ነውና ያስቸግራል። በዚያው ዓመት ማርሻል ክሊናርድ የተባለው ምሁር ጥቁር ገበያውን አጥንቶ ያገኘው ደግሞ ሕግ ጣሹ ወሮበላ ሳይሆን በአብዛኛው ስመ ጥሩ ነጋዴ መሆኑን ነው። ሚልተን ፍሪድማንን የመሳሰሉ ተቺዎች፣ ተመኑ ንረቱን ደበቀው እንጂ አላጠፋውም ይላሉ። ማስረጃ አያጡም፤ በ1946 ቁጥጥሩ ሲነሳ የታመቀው ገንዘብ ወጣና ከ1945 እስከ 1948 ባለው ጊዜ ዋጋ በአንድ ሦስተኛ ያህል አሻቀበ።

ዕዳውን ማን ከፈለ? ቆጣቢው! በ1941 አንድ አሜሪካዊ ሠራተኛ 18 ዶላር ከ75 ሳንቲም አውጥቶ የመንግሥት ቦንድ ቢገዛ፣ ከ10 ዓመት በኋላ 25 ዶላር ይቀበላል። ተቀበለም። ነገር ግን በዚያ መሃል ዋጋ በሦስት አራተኛ ያህል ስለጨመረ፣ የ1951ዱ 25 ዶላር የሚገዛለት በ1941 በ14 ዶላር ገደማ ይገዛ የነበረውን ነው። እንግሊዛዊውማ ይባስ ብሎ፣ «ከጦርነቱ በኋላ» የተባለው ገንዘቡ ተከፍሎ ያለቀው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

ወደ እኛ እንምጣ። በደርግ ዘመን «እርሻ ሰብል» እየተባለ የሚጠራው ድርጅት ከገበሬው ላይ በኮታ፣ ከገበያ በታች በሆነ ዋጋ እህል ይሰበስብ ነበር። ከተሜው በቀበሌ ሱቅ ተሰለፈ፣ ገበሬው ማምረቱ አላዋጣው አለ። በ1982 ዓ.ም. ሥርዓቱ ራሱ ኮታውን አነሳ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ኢሕአዴግ በብዙ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጀ። ስኳርና ዘይት ከሱቅ ጠፋ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ አብዛኛው ተመን ተነሳ። ራሽኑ የለም፣ ገንዘቡ አልተያዘም፣ ዕቃው አልቀረበም። ተመን ብቻውን ምን ይፈይዳል?

ቆጣቢያችንስ? በ2014 ዓ.ም. ባንክ በቁጠባ ላይ እንዲከፍል የተደነገገው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። የዚያ ዓመት አማካይ የዋጋ ግሽበት ደግሞ ከ30 በመቶ በላይ። ጡረተኛዋ እናታችን ለክፉ ቀን ብለው ባስቀመጧት 100 ብር ላይ ባንኩ 7 ብር ጨመረላቸው፤ ገበያው ግን በ100 ብር ይገዙት የነበረውን ከ130 ብር በላይ አለባቸው። ሌባ አልገባባቸውም፣ ቀራጭ አላንኳኳባቸውም። ገንዘባቸው ግን ተወስዷል። ለሕዳሴው ግድብ ከደመወዙ አስቆርጦ ቦንድ የገዛውም ሠራተኛ ያው ነው፤ ግድቡ በመሠራቱ እንኮራለን፣ ብሩ ግን ተቀብሎ ሲያየው የሰጠው ብር አይደለም።

እኛ የምንለው ይህ ነው። መንግሥት የዋጋ ንረትን እዋጋለሁ ካለ መጀመሪያ የራሱን ኪስ ይፈትሽ። ከብሔራዊ ባንክ ስንት እንደሚበደር፣ ገንዘቡ በምን ላይ እንደዋለ በግልጽ ለሕዝብ ይንገር። ችግረኛውን የሚደግፍ ከሆነ ዕቃውን በእጁ ይዞ ይደግፈው፤ ባዶ መደርደሪያ ላይ ተመን መለጠፍ ድጎማ አይባልም። ቆጥቡ የሚለንም ከሆነ የቆጠብነው ሳይሸረሸር እንዲመለስልን ያድርግ። የሚያጭበረብር ነጋዴ ካለ ሕግ አለ፣ ፍርድ ቤት ይቅረብ። ነገር ግን ሱቅ አሽጎ ግሽበትን ያሸነፈ መንግሥት በታሪክ አላየንም።

አህያው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ዳውላው ይረፍ!